የሩቅ ጌታ

አበው «ዓይን ካላየ ልብ አይፈርድም» ይላሉ። ይህን ምሳሌ በልጅነቴ ስሰማው ሰው ባላየው ነገር ላይ በችኮላ እንዳይፈርድ የሚያስጠነቅቅ መልካም ምክር ነው ብዬ እቀበለው ነበር። ዛሬ በሽምግልናዬ ሳስበው ግን ምሳሌው ሌላ ፊት እንዳለው አስተዋልሁ። ያላየ ሰው አይፈርድም፤ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መፍረድ የማይፈልግም ሰው አያይም። ልቡ እንዳይወቅሰው የሚፈራ ሰው አስቀድሞ የሚከለክለው ዓይኑን ነው። በዚህች ጽሑፍ ልናገር ያሰብሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው፤ እርሱንም የሩቅ ጌታ ብዬዋለሁ።

በቤታችን በቀን መቍጠሪያ ያልተጻፈ አንድ በዓል ነበረ። በየዓመቱ መኸር ተሰብስቦ ከተወቃ በኋላ ከአያቴ መሬት እህል የጫነ መኪና መጥቶ ከደጃችን ይቆማል። ጤፉ በጆንያ፥ ማሩ በእንስራ፥ ቅቤው በቅል ሆኖ ሲወርድ እኛ ልጆች ከበን እንዘላለን። ከጭነቱ ጋራ የሚመጣው ምስለኔ፥ ማለት በአያቴ ስም መሬቱን የሚያስተዳድረው ሰው፥ ኩታውን አደግድጎ እጅ ይነሣል። አያቴም በየዓመቱ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁታል፤ «ሰዎቹ እንደ ምን ከረሙ?» ይሉታል። እርሱም በየዓመቱ አንዲት መልስ ይመልሳል፤ «በጌታዬ ጥላ ሥር ደኅና ናቸው» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ጤፉ ንጣት ይነጋገራሉ። አያቴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለድኻ የሚመጸውቱ፥ ጾም የማይሽሩ፥ የጎረቤት ልጅ ከፍለው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ያን መሬት ግን በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ሄደው አላዩትም። ይህም ነገር በዚያ ጊዜ ለእኔም ሆነ ለሌላው ሰው እንግዳ አይመስለንም ነበር።

ወደዚህ ነገር በመጨረሻ እመለስበታለሁ። አሁን ግን አንባቢዬን ወደ ሩቅ አገር ልውሰድ፤ ሰው የራሱን ፊት የሚያየው ራቅ አድርጎ በያዘው መስተዋት ነውና።

በ2018 ዓ.ም. ልጄን ለመጠየቅ ወደ ለንደን ሄጄ ነበር። (ሌላ ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያም ጊዜ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ሙዚየም፥ መቅደላ ከተያዘ 150 ዓመት መሙላቱን ምክንያት አድርጎ፥ ከዚያ የተወሰዱትን ዕቃዎች ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ከዕቃዎቹም መካከል የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አየሁ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንደሚሰማው ልቤ ተነካ፤ በመስተዋቱ ፊትም ብዙ ቆምሁ። ወደ ልጄ ቤት ከተመለስሁ በኋላ ስለዚህ ዘውድ የተጻፈውን ስፈልግ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘሁ። በ1871 ዓ.ም. በጁን ወር ይህ ጉዳይ በእንግሊዝ ፓርላማ በተነሣ ጊዜ፥ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ኢዋርት ግላድስቶን ቆሞ፥ እነዚህ ዕቃዎች ከሐበሻ አገር በመወሰዳቸው እጅግ እንደሚያዝን፥ ስለ ምን እንደ ተወሰዱም ሊገባው እንዳልቻለ ተናገረ። ሊመለሱ እስከሚቻል ድረስም እንደ ዐደራ ሊጠበቁ ይገባል የሚል አሳብ ነበረው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሰውዬውን ወደድሁት። ግላድስቶን አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፥ በአገሩ በጸሎተኛነቱና በሕሊናው የታወቀ ሰው ነው። በድል ማግሥት የራሱ ወታደሮች ባመጡት ምርኮ የሚያዝን መሪ በየዘመኑ አይገኝም። ስለዚህ ይህ ሰው ማን ነው፥ ከማንስ ተወለደ ብዬ ታሪኩን ማንበብ ጀመርሁ። ንባቡ ግን ወዳላሰብሁት ስፍራ ወሰደኝ፤ በደቡብ አሜሪካ ሰሜን ዳርቻ፥ ዛሬ ጉያና በምትባለው አገር፥ ዴሜራራ ወደሚባል የሸንኮራ አገዳ ምድር ወሰደኝ።

የዊሊያም አባት ጆን ግላድስቶን በ1764 ዓ.ም. በስኮትላንድ ከአንድ የእህል ነጋዴ ተወለደ። በጎልማስነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ሊቨርፑል ወደብ ሄደና በእህል ንግድ በለጸገ። በ1803 ዓ.ም. ገንዘቡን በዴሜራራ በሚገኝ አንድ እርሻ ላይ አዋለ። በ1812 ዓ.ም. ደግሞ «ሰክሰስ» የሚባለውን እርሻ እኩሌታ ያዘ፤ ከአራት ዓመትም በኋላ የቀረውን እኩሌታ ጠቀለለ። የእርሻው ስም በእኛ ቋንቋ «ክንውን» ማለት ነው። እንዲህ እያለ በዴሜራራና በጃማይካ ከታላላቆቹ ባለ እርሻዎች አንዱ ሆነ። እንግሊዝ በ1807 ዓ.ም. ሰውን ከአፍሪካ ጭኖ መሸጥን ከልክላ ነበር፤ አስቀድሞ የተሸጠው ሰውና ልጆቹ ግን በባርነት እንደ ነበሩ ቀሩ። ጆን ግላድስቶን የእነዚህ ሰዎች ጌታ ሆነ እንጂ ዴሜራራን በእግሩ ረግጦ አያውቅም።

ያ ምድር ምን እንደሚመስል ልንገር። ጠረፉ ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ረግረግ ስለ ነበረ፥ ባሕሩን የሚያግደውን ግድብና ውሃውን የሚያወጣውን ቦይ በአካፋ ቆፍረው የሠሩት ባሮች ናቸው። ከዚህ በኋላ አገዳው ይተከላል፤ ይታረማል፤ ይቈረጣል። የተቈረጠ አገዳ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበላሻል፤ ስለዚህ በመከር ጊዜ መጭመቂያው ሌሊትም አያርፍም ነበር። ጭማቂው በእሳት ላይ በተጣዱ ታላላቅ ድስቶች ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገለበጠ ይፈላል። እንቅልፍ የጣለው ሰው እጁን መጭመቂያው ይይዝበታል፤ ወይም የፈላው ጭማቂ ያቃጥለዋል። በመጨረሻ ነጩ ሰው ሻዩን የሚያጣፍጥበት ስኳር በበርሜል ታሽጎ በመርከብ ይጫናል።

አሁን አንባቢዬ በጅራፉና በጌታው መካከል ስንት ሰው እንዳለ ይቍጠርልኝ። በእርሻው ላይ ጅራፍ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ራሱ ባሪያ ነው። ከእርሱ በላይ ነጭ ተቈጣጣሪ አለ። ከተቈጣጣሪው በላይ የእርሻው ሹም አለ። ከሹሙ በላይ የጌታው ምስለኔ አለ፤ የግላድስቶን ምስለኔ ፍሬደሪክ ኮርት ይባል ነበር። ከምስለኔው ቀጥሎ የመርከቡ አዛዥና ነጋዴዎቹ አሉ። ከእነርሱም ሁሉ በኋላ በሊቨርፑል በጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት የተቀመጠው ጌታ አለ። እያንዳንዱ የሠራውን ለበላዩ ሲነግር ጥቂት ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ጩኸት የነበረው ነገር በዚህ በኩል ሲደርስ ንጹሕ ሒሳብ ሆኖ ይደርሳል። ምስለኔው ኮርት ሰዎቹ ደኅና ናቸው እያለ ይጽፍ ነበር፤ ጌታውም ያምነው ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፤ ኩታውን ያደገደገው ሰው ድምፅ በጆሮዬ መጥቶ ነበርና።

ጆን ግላድስቶን ጨካኝ ሰው ነበረ ብል አንባቢዬ ነገሩን በቀላሉ ይገላገለው ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በሊቨርፑልና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት አሠርቷል፤ ልጆቹን በጸሎት አሳድጓል፤ ዊሊያምን በኢተንና በኦክስፎርድ አስተምሯል። በቤቱ ውስጥ የሰው ጀርባ በጅራፍ ሲተለተል ቢያይ ምናልባት ምግብ አይበላም ነበር። ነገር ግን ምግቡ ከዚያ ጀርባ የመጣ ነበር።

አንዳንድ ሰው «በዚያ ዘመን ሁሉም እንደዚያ ነበረ፤ ሰውዬውም አላወቀም» ይላል። ይህ ምክንያት እንዳይቆም የሚያደርግ አንድ ምስክር አለ። በዚያው በሊቨርፑል የሚኖር፥ በዚያው ወደብ የሚነግድ ጄምስ ክሮፐር የሚባል ሰው ነበረ። በ1823 ዓ.ም. እርሱና ጆን ግላድስቶን ስለ ባርነት በከተማው ጋዜጣ በደብዳቤ ተከራከሩ፤ ክርክሩም በሚከተለው ዓመት ታትሞ ወጣ። ክሮፐር ባርነት በደል መሆኑን ያስረዳ ነበር፤ ግላድስቶን ደግሞ ባሮቹ በደኅና እንደሚኖሩ ይመልስ ነበር። ሁለቱም በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዘመን፥ በአንድ ሙያ የኖሩ ናቸው። አንደኛው ማወቅ ከቻለ ሁለተኛው አለማወቁ የዘመኑ ጥፋት አይደለም።

ያ ክርክር በተጻፈበት በዚያው ዓመት በሰክሰስ እርሻ ላይ የሆነውን እነሆ። በእርሻው ኳሚና የሚባል አናጢ ነበረ፤ በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋራ ከአፍሪካ ተሸጦ የመጣ ሰው ነው። በአቅራቢያው በሚገኘው የሚሲዮን ጸሎት ቤትም የዲያቆናት አለቃ ነበረ። በ1822 ዓ.ም. ሚስቱ ፔጊ በጽኑ ታመመች። ኳሚና አጠገቧ ሆኖ ሊያስታምማት ፈቃድ አላገኘም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውል ነበር። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲመለስ ሞታ አገኛት። ይህ ነገር በሊቨርፑል ሒሳብ ውስጥ አይገኝም። የዚያን ቀን ሒሳብ የጻፈ ሰው ቢኖር አናጢው በሥራ ላይ ዋለ ብሎ ከመጻፍ በቀር ሌላ የሚጽፈው አልነበረውም።

ኳሚና ጃክ የሚባል በርሜል ሠሪ ልጅ ነበረው። ባሮች በጌታቸው ስም ይጠሩ ስለ ነበር ጃክ ግላድስቶን ይባል ነበር። እንግዲህ በዚያ ጊዜ በአንድ ስም የሚጠሩ ልጆች በሁለት ዳርቻ ነበሩ ማለት ነው፤ ዊሊያም ግላድስቶን በኢተን ትምህርቱን ይማራል፤ ጃክ ግላድስቶን በሰክሰስ ስኳሩ የሚታሸግበትን በርሜል ይሠራል።

በ1823 ዓ.ም. በሜይ ወር የእንግሊዝ ፓርላማ የባሮች ኑሮ እንዲሻሻል ወሰነ፤ ሴቶች እንዳይገረፉ፥ በእርሻም ላይ ጅራፍ እንዳይያዝ የሚያዝ ደብዳቤ ወደ ቅኝ አገሮቹ ተላከ። በዴሜራራ ያሉ ሹሞች ግን ትእዛዙን ሳይገልጡ አቆዩት። ባሮቹም ንጉሡ አርነት አውጥቶን ጌቶቻችን ሸሸጉብን ብለው አሰቡ። ኦገስት 18 ቀን ከሰክሰስና ከአካባቢው የተነሣው ዐመፅ 10 ሺህ ያህል ሰው አስነሣ። ኳሚና ደም እንዳይፈስ ይመክር ነበር። ዐመፀኞቹም አብዛኛውን ጊዜ ነጮቹን በየቤታቸው ዘጉባቸው፤ ወይም እነርሱ ራሳቸው ይቀጡበት በነበረው የእግር ግንድ አሰሩአቸው እንጂ አልገደሉአቸውም፤ የሞቱት ነጮች ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። መንግሥት ግን በጥይት መለሰ። ከባሮቹ ወገን ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ኳሚና ሴፕቴምበር 16 ቀን ተተኩሶበት ሞተ፤ ሬሳውም በሰንሰለት ታስሮ በሰክሰስ እርሻ ፊት በመንገድ ዳር ተሰቀለ። የጸሎት ቤቱ ሚሲዮናዊ ጆን ስሚዝ ባሮችን አሳምፀሃል ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ የንጉሡ ምሕረት ሳይደርስለት በ1824 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር በወኅኒ ቤት በሳንባ በሽታ ሞተ። ጃክ ግላድስቶን ወደ ሴንት ሉሺያ ደሴት ተጋዘ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጌታው መርከብ ተሳፍሮ ሄደ ወይ? አልሄደም። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1828 ዓ.ም.፥ ልጁን ሮበርትሰንን ላከ። ልጁም ምስለኔው ኮርት ሰነፍና አታላይ መሆኑን ደረሰበት፤ ኮርትም ከሥራው ተሻረ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ያስተውል፤ ምስለኔው የተሻረው እርሻዎቹን ስላበላሸ ነው። ሰዎቹ ደኅና ናቸው የሚለው ቃል ከአታላይ አፍ የወጣ መሆኑ ሲታወቅ ቃሉም አብሮ መመርመር ይገባው ነበር። አታላይነቱ በገንዘቡ በኩል ተይዞ በሰዎቹ በኩል ታለፈ።

በ1833 ዓ.ም. ፓርላማው ባርነትን ለመሻር ሲመክር፥ በአባቱ በጆን እርሻ በፍሪደንሁፕ ላይ የስኳሩ ምርት እየበዛ በሄደ መጠን የሚሞተው ሰው በዛ የሚል ክስ ቀረበ። በዚያ ጊዜ ዊሊያም የ23 ዓመት ወጣት ሆኖ አዲስ የፓርላማ አባል ነበረ። ጁን 3 ቀን ተነሥቶ ተናገረ፤ በቅኝ አገሮቹ ጭካኔ መደረጉን አልካደም፤ የአባቱን እርሻ ግን ተከላከለ። እርሱም ዴሜራራን አላየም ነበር። ያላየውን ካላየው አባቱ ተቀብሎ መሰከረ።

ባርነት በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ተሻረ፤ ሕጉም ከኦገስት 1 ቀን 1834 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ለተጐዱት የሚከፈል 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ተመደበ። ተጐጂ የተባሉት ግን ጌቶቹ ናቸው። ጆን ግላድስቶን ስለ 2,508 ሰዎች ከ106 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ባሮቹ አንድ ሳንቲም አልተሰጣቸውም፤ ይልቁንም «ለማጅ» ተብለው እስከ 1838 ዓ.ም. ድረስ ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ለካሣው የተበደረውን ዕዳ የእንግሊዝ መንግሥት ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። እንዲሁም ጆን ግላድስቶን የሚለቁትን ባሮች የሚተኩ ሠራተኞች ከሕንድ ለማስመጣት አስቀድሞ ተጻጽፎ ነበርና፥ በ1838 ዓ.ም. በሜይ ወር ዊትቢና ሄስፐረስ የሚባሉ ሁለት መርከቦች 400 ያህል ሕንዶች ይዘው ዴሜራራ ደረሱ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ ወደ እርሱ እርሻ ገቡ። እነርሱም እንደ ተበደሉ ወሬው ለንደን ደረሰ። የሩቅ ጌታ ሠራተኛውን ለወጠ እንጂ ርቀቱን አልለወጠም።

አሁን ወደ ዘውዱ ልመለስ። ዊሊያም ግላድስቶን በ1871 ዓ.ም. ስለ መቅደላ ዘውድ ማዘኑ ግብዝነት ነው አልልም። ልቡ በእውነት አዝኖ ይሆናል። ዘውዱን ግን ያመጣው ሌላ ሰው ነበር፤ እርሱ ያልተካፈለበትን ምርኮ ማየት ይችል ነበር። ሰው የባልንጀራውን ምርኮ በሩቅ ያውቀዋል፤ በገዛ ማዕዱ ላይ ያለውን ምርኮ ግን ስሙን እንጀራ ብሎ ይበላዋል። እኔም በሙዚየሙ ቆሜ ስለ ዘውዱ ስቈጣ የነበርሁት በዚሁ ዓይን ነው።

በ2023 ዓ.ም. በኦገስት ወር፥ ከኳሚና ዐመፅ 200 ዓመት በኋላ፥ ከግላድስቶን ዘር ስድስት ሰዎች ወደ ጉያና ሄዱ። በጉያና ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ስብሰባም ስለ አባቶቻቸው ሥራ ይቅርታ ጠየቁ፤ ለትምህርትና ለምርምርም 100 ሺህ ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገቡ። በአዳራሹ ውስጥ የተቃወሙአቸውም ነበሩ፤ ይቅርታ ብቻውን ካሣ አይሆንም የሚል ድምፅ በአገሩ ነበርና። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ በእኔም ብዕር አይዘጋም። እኔ ግን ከዚህ ወሬ ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጆን ግላድስቶን ያልሄደውን መንገድ ልጆቹ በስድስተኛውና በሰባተኛው ትውልድ ሄዱት። እነርሱን የገፋ ነገር ቢኖር ይኸው ማየት ነው፤ ከሄዱም በኋላ የሚሰሙት ነገር ደስ እንደማያሰኛቸው እያወቁ ሄዱ።

እንግዲህ በመጀመሪያ የተውሁትን ነገር ልጨርስ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጧት ባዶ እግሩን የሆነ፥ ብጫቂ ጋቢ የለበሰ ሰው ከደጃችን መጣ። ከአያቴ መሬት ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ እንደ መጣና ጌታውን በዓይኑ አይቶ የሚነግረው ጉዳይ እንዳለው ለዘበኛው ነገረ። ዘበኛው እኔን ላከኝ። አያቴ በውስጠኛው ክፍል ዳዊት ይደግሙ ነበር። ስነግራቸው ዐይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ «የሉም በለው፤ ጉዳዩን ለምስለኔው ይንገር» አሉኝ። እኔም ሮጬ ሄጄ «ጌታዬ የሉም፤ ለምስለኔው ንገር» አልሁት። በዚያች ደቂቃ አያቴ ከውስጥ ሳሉ። ሰውዬው ሳሉን ሰማ፤ እኔም መስማቱን አየሁ። ተቈጥቶ የሚሰድበኝ መስሎኝ ፈራሁ። እርሱ ግን ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝና «እሺ፥ የእኔ ጌታ፤ እደግ ተመንደግ» ብሎ መረቀኝና ተመለሰ። ምናልባት የመጣበት ጉዳይ ስለዚያው ስለ ምስለኔው ነበር። ለማወቅ አልቻልሁም፤ ስሙንም አልጠየቅሁትም።

የእኛ ጭሰኛ እንደ ዴሜራራ ባሪያ አይሸጥም ነበር፤ ሁለቱን አንድ ናቸው ብል ሐሰት እናገራለሁ። በአገራችንም ራሱ ባርነት ነበረ፤ በሕግ የተሻረው በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ የሩቁ ጌታ ልብ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። እያደግሁ ስሄድ እንዳወቅሁት የአያቴ ጭሰኞች ከምርታቸው እኩሌታውን ይሰጡ ነበር፤ እኛ የምንዘልበት ማርና ቅቤ ደግሞ «መተያያ» በሚል ስም ከዚያ በላይ የሚወሰድባቸው ነበር። መተያያ! ተያይተው ለማያውቁ ሰዎች ይህ ስም ምን ያህል እንግዳ ነው!

በእኛ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን መሬቱ ከቤታችን ወጣ። አያቴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ፤ በቤተ ሰቡም ዘንድ ስለዚያ መሬት የሚነሣው ወሬ የጤፉ ንጣትና የማሩ ጣዕም ብቻ ሆኖ ቀረ። የግላድስቶን ልጆች ጉያና ሄዱ የሚለውን ወሬ ባነበብሁ ጊዜ ግን ዕረፍት አጣሁ። ወንድሞቼን «እንሂድና እንየው» ብላቸው «አሁን ሄደህ ምን ልታገኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ብቻዬን ሄድሁ።

መኪና ለአያቴ ደጅ በየዓመቱ እህል የሚያመጣበት መንገድ በአንድ ቀን ያደርሳል። በደረስሁበት የገበያ ስፍራ ሽማግሌዎችን ፈልጌ አገኘሁና ማን እንደ ሆንሁ ተናገርሁ። የአያቴን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም። የምስለኔውን ስም ግን ሁሉም ያውቁታል፤ ስሙ ሲጠራ ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ ሄደ። የቀሩት በእንግድነቴ አክብረው ቡና አፈሉልኝ። አንደኛው ሽማግሌ ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «ከአዲስ አበባ ጌታ አለ ሲባል እንሰማ ነበር። ደግ ናቸውም ይሉ ነበር። ብናያቸው ኖሮ እንነግራቸው ነበር።»

ደጃችን ድረስ መጥቶ ስለ ነበረው ሰው ጠየቅኋቸው። በዚያ ዘመን ለአቤቱታ ወደ ከተማ የሄደው ብዙ ነውና ያኛው የትኛው እንደ ሆነ ሊነግሩኝ አልቻሉም። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ የዋሸሁትን ውሸት ለእርሱ መናዘዝ ስላልቻልሁ ለእነርሱ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ልጅ ነበርህ» አለኝ አንዱ፤ ይህም ከምሕረት የተነገረ ቃል ነው። ነገር ግን ልጅ የነበርሁት በደጁ ላይ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ከሃምሳ በሚበልጡ ዓመታት ልጅ አልነበርሁም።

አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም ዛሬ ባሮች የሉህም፤ ጭሰኛም የለህ ይሆናል። ነገር ግን በደላላ የሚተዳደር የኪራይ ቤት፥ በሥራ አስኪያጅ የሚመራ ሱቅ፥ ወይም በርካሽ ስለ ገዛኸው የምትደሰትበት ልብስ ይኖርህ ይሆናል። ሰው ሁሉ በሁሉም ስፍራ ሊገኝ አይችልም፤ ወኪል ማድረግም ኀጢአት አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው «ሰዎቹ እንደ ምን ከረሙ?» ብለን ስንጠይቅና «ደኅና ናቸው» የሚለውን መልስ ከመስማታችን በፊት ስንፈልገው ነው። ጥቅሙ ያለ ምንም ችግር ከደጅህ የሚደርስ ከሆነ፥ መንገዱ ለአንተ ጥቅም ክፍት ሆኖ ለእነርሱ አቤቱታ ዝግ እንዳይሆን መርምር። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ራስህ ሄደህ እይ። መሄድ ባትችል፥ ከሩቅ የመጣ ሰው ደጅህን ሲመታ ልጅህን ልከህ የሉም አታሰኝ። ልጁ ቃሉን እስከ ሽምግልናው ይሸከመዋልና።